የማገገም ወጣ ገባ
(በጎጃም ደጋ ስለሚደረገው የዝሆኔ እግር ሕክምና በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ የመነሻውንና የመድረሻውን ከፍታ ብቻ አይቶ ሥራውን አይጀምርም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው፣ ሁለቱም ከተሞች በደጋ ላይ የተቆረቆሩ በመሆናቸው፣ ነገሩን ሳያውቅ ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን በመካከል የዐባይ ሸለቆ አለ። መንገደኛው ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ወደ ደጀን መውጣት አለበት። በሸለቆው ግርጌ ቆሞ ከፍታውን ቢለካ፣ ከተነሣበት እጅግ ዝቅ ብሎ ራሱን ያገኘዋል። ይሁን እንጂ ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጠናቅቋል። መውረዱ ወደ ኋላ መመለስ አልነበረም፤ የመንገዱ አንዱ ክፍል ነበር።

ዛሬ ለዚህ ስብሰባ የቀረበው ርእስ የመንገድ ሥራ አይደለም፤ የሕመምና የማገገም ጉዳይ ነው። ነገር ግን የማገገምም መንገድ እንደ ዐባይ በረሓ መንገድ ቁልቁለትና አቀበት አለው። ከዚህም በላይ ደብረ ማርቆስን በከበበው ደጋ ብዙ ገበሬዎችን የሚያሠቃየው በሽታ ምክንያቱ አፈር፣ መከላከያውና መታከሚያውም በአመዛኙ ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ በመሆኑ፣ ነገሩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። በሽታው በሕዝቡ አጠራር ዝሆኔ፣ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ነው።

1. በሽታው ከአፈር እንዴት እንደሚነሣ

ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው በትንኝ አማካይነት በሚተላለፍ ትል የሚመጣውን ዓይነት ብቻ ያስባል። ያ ዓይነት በአብዛኛው የቆላ በሽታ ነው። የጎጃም ደጋው ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ መነሻው ትልም ሌላ ተሕዋስም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ባደረጋቸው ምርምሮች በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘው ቀይ አፈር ጋር የተሳሰረ መሆኑን አስረዳ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ የተወሰደ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ክፍል እግርን፣ ሁለተኛው አቧራን ያመለክታል።

አካሄዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ የሚያርምና ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው፣ እጅግ የደቀቀው የአፈር ማዕድን በእግሩ ቆዳ በኩል ቀስ በቀስ ይገባበታል። ይህ ብናኝ ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይደርሳል፤ በዚያም ሰውነት እንደ ባዕድ ስለሚያየው ቁጣ ይነሣል፤ ቧንቧውም እየጠበበና እየተደፈነ ይሄዳል። የሊምፍ ቧንቧ ሥራው በአካላት መካከል የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም መመለስ ነው። ለመሐንዲስ ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት የመንገድ ዳር ቦይን ማሰብ ይበቃል። ቦዩ በደለል ሲሞላ ውሃው መውጫ ያጣል፤ የመንገዱን ሙሌት ያርሳል፤ ሙሌቱም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የታመመው እግር ፈሳሹን ማውጣት ያቃተው ሙሌት ነው።

ይህ እንዲሆን የተወሰነ የአየር ጠባይና የመሬት ሁኔታ ያስፈልጋል። በሽታው በአመዛኙ የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቀይ አፈር ላይ ነው። የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከፍታውም ዝናቡም ከዚህ ወሰን በላይ ነው። በዚያ ላይ ለእርሻ የተመቸው ይኸው አፈር ስለ ሆነ ሕዝቡ የሰፈረው በእርሱ ላይ ነው። በሌላ በኩል በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሁሉ አይታመሙም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢትዮጵያ በተገኘ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ኀይል የሚመሩ አንዳንድ የዘር ቅንጣቶች ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አሳይቷል። እንግዲህ ሕዝቡ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም አይቶ «የዘር ነው» ማለቱ ፍጹም መሠረት የሌለው አልነበረም። ስሕተቱ ዘሩ ብቻውን በሽታውን ያመጣዋል ማለቱ ነው፤ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ልጅ፣ ከየትም ቤተሰብ ቢወለድ፣ አይታመምምና።

የችግሩን ስፋት ለመገመት፣ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ወረዳና በምዕራብ ጎጃም ደንበጫ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ጥናት መጥቀስ ይበቃል። ከ51,017 ሰዎች መካከል በ1,704 ላይ በሽታው ተገኝቷል፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በመላ ሀገሪቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት የአዋቂ ሕሙማንን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ያደርሰዋል። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሌላ ጥናት አንድ ታማሚ በዓመት ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ተመዝግቧል። በእርሻ ለሚተዳደር ቤት ይህ ማለት ከሁለት የእርሻ ወራት አንዱ ያህል ባከነ ማለት ነው።

2. ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያሳስታል

ሕክምናውን ለሚሰማ ሰው ነገሩ ከሕክምና ይልቅ የቤት ውስጥ ሥርዓት ይመስለዋል። ታማሚው እግሩን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጥባል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በጥንቃቄ ያጸዳል። ከዚያም ጥቂት በረኪና የተጨመረበት ውሃ በሳፋ አድርጎ እግሩን ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፈዝፋል፤ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባል። እብጠቱ የሚፈቅድ ሲሆን በፋሻ ይጠቀልላል፤ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሲወጣም ካልሲና ጫማ ያደርጋል። ከዚህ በላይ ውድ መሣሪያ ወይም ረቂቅ መድኃኒት የለበትም።

ነገር ግን ይህ ቀላል ሥርዓት አንድ ከባድ ጠባይ አለው። መጨረሻ የለውም። ወባ የያዘው ሰው ክኒኑን ጨርሶ ይነሣል፤ እጁ የተሰበረ ሰው ጀሶው ሲፈታለት ሕክምናው ያበቃል። የዝሆኔ ታማሚ ግን ቦዩ የተደፈነ ስለ ሆነ፣ ጥገናው ዕድሜውን ሙሉ የሚቀጥል ነው። ይህንንም የጠጠር መንገድ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ጠንቅቆ ያውቀዋል። የጠጠር መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠረጋል፤ ጠጠር ይጨመርበታል፤ ቦዩ ይከፈታል። ጥገናው የተቋረጠ እንደ ሆነ በአንድ ክረምት የብዙ ዓመት ድካም ታጥቦ ይሄዳል።

ውጤቱም እንደ በሽታው ደረጃ ይለያያል። ሐኪሞች በሽታውን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ እብጠቱ ሌሊት ታማሚው ሲተኛ ይሟሽሽና ጠዋት ይጠፋል። በሁለተኛው ደረጃ ሌሊቱም ጨርሶ አያጠፋውም፤ እብጠቱ ግን ከጉልበት በታች ነው፤ እባጭም ቢኖር ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። በሦስተኛው እባጩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል፤ በአራተኛው እብጠቱ ከጉልበት ያልፋል፤ በአምስተኛው መገጣጠሚያው ደርቆ አይታጠፍም። ቀደም ብሎ ሕክምናውን የጀመረ እግሩ በእጅጉ ሊቀልለት ይችላል። ዘግይቶ የጀመረው ደግሞ ሽታው፣ ቁስሉና ትኩሳቱ ይቀነስለታል እንጂ እግሩ እንደ ጥንቱ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ሊሰጠው አይገባም። ከእውነቱ በላይ የተሰጠ ተስፋ፣ ከአቅም በላይ እንደ ተጫነ ድልድይ፣ የሚሰበረው ሰው በላዩ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

3. ቁልቁለቱና አቀበቱ

ለምሳሌ ያህል አንዲት የአርባ ዓመት ባለ ትዳር ሴት ትወሰድ። በሽታው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ሕክምናውን በመስከረም ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡ ግልጽ ነው፤ የሚያሳፍራት ሽታ ጠፋ፤ በጣቶቿ መካከል የነበረው ቁስል ደረቀ፤ ቆዳዋም ለሰለሰ። ባሏም ልጆቿም አዩ፤ ተደሰቱ። ኅዳር ላይ ግን የእህል አጨዳ ሆነ፤ ውላ የምትገባው መሽቶ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል መታጠቡን አስታጎለች። ከዚያ በአንድ ሌሊት ብርድ ብርድ አላት፤ ትኩሳት ተነሣ፤ እግሯ ቀላ፣ ነደደ፣ አበጠ፤ ብሽሽቷ ንፍፊት አወጣ። ሦስት ቀን ከመደብ ሳትነሣ ቀረች። ጎረቤቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ «ምነው እቴ፣ ታጥበሽ ታጥበሽ ምን አተረፍሽ? ያው ተመልሶ መጣብሽ» አለቻት። ሴቲቱም መልስ አጣች። ሳፋውን ከመደብ ሥር ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

የሕክምናው ዕጣ የሚወሰነው በዚች ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚተወው ምንም ለውጥ ስላላየ አይደለም። መጀመሪያ ለውጥ አይቶ፣ ከዚያ የወደቀ ስለ መሰለው ነው። መውደቁ የሚመረውም መጀመሪያ ባይነሣ ኖሮ ከሚመረው ይልቅ ነው።

ይህን አጣዳፊ ሕመም አንዳንዱ «ምች መታኝ» ይለዋል፤ ሌላው የሰው ዐይን ነው ይላል። የሚነሣው ግን በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ባክቴሪያ ገብቶ፣ ፈሳሹ የማይንቀሳቀስበት እግር ውስጥ ሲራባ ነው። በዚህ ጊዜ ታማሚው ማረፍ፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ፋሻውን መፍታት፣ ፈሳሽ መጠጣትና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት መቀበል አለበት። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ሥርዓቱ ካቆመበት ይቀጥላል። አጣዳፊ ሕመም የተመላለሰበት እግር ቧንቧው ይብሱን ስለሚጎዳ፣ የሕክምናው አንዱ ዋና ዓላማ ይህን ምልልስ መቀነስ ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ሳፋውን ከመደብ ሥር በገፋችበት ዕለት ያጣችው የአንድ ቀን መታጠብን ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ነው።

ወጣ ገባው በሦስት ልክ ይታያል። አንደኛው የቀን ነው። እግር ጠዋት ይሟሽሻል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ማታ ያብጣል። ሁለተኛው የወቅት ነው። በክረምት ጭቃውና አረሙ ጫማን ያስጥላል፤ በበጋ አቧራው ይነሣል፤ ምንጩም ይመነምናል። ሦስተኛው የዓመታት ነው። ታማሚው ለዓመት ይበረታል፤ ሐዘን ወይም ድግስ ሲመጣ ይዘነጋል፤ ሲታመም ይመለሳል። ሦስቱ ልኮች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደራረቡ፣ አንድን ቀን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

4. መለኪያና ቁጥር

የወንዝ ፍሰት የሚመዘግብ ባለሙያ፣ ዘንጉን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ የዐባይን ዓመታዊ ውሃ አይናገርም። በአንድ ቦታ በተተከለ ዘንግ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ለብዙ ዓመታት ያነባል። የአንዱ ቀን ንባብ ወንዙን አይገልጸውም። የእግርም መለካት ይህንኑ ሕግ ይከተላል። አንድ ታማሚ በመጀመሪያው ወር ጠዋት፣ በሁለተኛው ወር ደግሞ ከገበያ መልስ ማታ ቢለካ፣ እየቀነሰ ያለው እግር የጨመረ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሜትሩ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ከመሬት በታወቀ ከፍታ ላይ፣ ሳይላላም ሳይጠብቅም መዞር አለበት።

ከእግሩ ዙሪያ ይልቅ ግን ለታማሚው ኑሮ የሚበልጠው የአጣዳፊ ሕመም ቁጥር ነው። ለዚህም ከጎጃም ራሱ የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን በዕጣ በሁለት ወገን ከፍሎ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ታትሟል። አንደኛው ወገን የእግር ንጽሕናን፣ የቆዳ እንክብካቤን፣ የፋሻ አጠቃቀምን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲንና ጫማን ያካተተውን ሕክምና ወዲያው ሲጀምር፣ ሁለተኛው ወገን ያንኑ ከጥናቱ በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። በአንድ ዓመት ክትትል ሕክምናውን ወዲያው ባገኙት ላይ አጣዳፊ ሕመም በአማካይ ለአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በቆዩት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሣ። ልዩነቱ 4.5 ነው፤ ይህም በመቶ 19 ያህል ቅናሽ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በሁለት ዐይን ማየት ይቻላል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው፣ «ዓመት ሙሉ ታጥቦ አሁንም 19 ጊዜ የሚታመም ከሆነ፣ ምኑ ሕክምና ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው፤ መሸፋፈንም አያስፈልገውም። ሕክምናው ሕመሙን አያጠፋም፤ ይቀንሳል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሕመም ሦስት ቀን ከሥራ ያስቀራል ብለን ብንገምት፣ የ4.5 ቅናሽ ወደ 14 የሚጠጉ የሥራ ቀናት ይሆናል። በዘር ወይም በአጨዳ ጊዜ 14 ቀን የአንድን ቤት የዓመት ቀለብ የሚወስን ነው።

የተስፋ መቁረጥም ምንጭ ከዚሁ ቁጥር ይገኛል። ያልታከመ ሰው በአማካይ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይታመማል። የታከመው ደግሞ በወር ከአንድ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን ሰው አንድ ተኩል ጊዜ አይታመምም፤ ወይ አንድ፣ ወይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይታመማል። ከላይ የተጠቀሰችው ሴት በዐሥራ ሁለቱ ወራት የታመመችው ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለትና አንድ ጊዜ ነው ይባል። ድምሩ 19 ነው፤ ማለት የተሻላቸው ሰዎች አማካይ ነው። ሆኖም በአራተኛው ወር ሦስት ጊዜ ስለ ታመመች፣ ከሕክምናው በፊት ከነበረችበት የባሰች ይመስላታል። እየተሻላት መሆኑን የሚያውቀው የዓመቱን ድምር የያዘ ሰው ብቻ ነው። ድምሩን የሚይዝ ከሌለ መሻሉ አለ፤ የሚያየው ግን የለም።

ስለዚህ ምዝገባ ከሕክምናው ተለይቶ አይታይም። ፊደል የቆጠረ ልጅ በቤት ካለ በደብተር፣ ከሌለም በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት፣ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ምልክት ቢደረግ፣ ታማሚው ያለፈውን ወቅት ከአሁኑ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ማስተያየት የቻለ ሰው በአንድ ሌሊት ትኩሳት አይረታም።

5. ዕፍረትና ጓደኝነት

የዚህ በሽታ ሸክም በእግር ላይ ብቻ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የዝሆኔ ሕሙማን በአንድ አካባቢ ከሚኖሩ ጤነኞች ይልቅ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል። ምክንያቱ ለማንም የጎጃም ሰው የተሰወረ አይደለም። በሽታው ያለበት ቤት ልጁን ለመዳር ይቸግረዋል፤ ታማሚው ከሠርግና ከማኅበር ይቀራል። በገጠሩ ልማድ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፤ ይህ የአክብሮት መግለጫ ነው። በጸሎተ ሐሙስም ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ለሌላው ክብር የሆነው ይህ ሥርዓት ለዝሆኔ ታማሚ ግን የዕፍረት ሰዓት ይሆንበታል፤ እግሩን ላለማሳየት ሲል ግብዣውንም ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ከሩቅ ይሳለማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ሲፈጸም ይታያል፤ የሚያስደብቀው ግን የታማሚው ስንፍና ሳይሆን የጎረቤቱ ዐይን ነው።

በጎጃሙ ጥናት ሕሙማን ብቻቸውን አልተተዉም። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ረዳቶች በየወሩ በሚደረግ ስብሰባ ይደግፏቸው ነበር። የዚህ ወርኃዊ መገናኘት ጥቅም ሳሙናና ፋሻ ከማደል ያልፋል። አንዱ በዚህ ወር ሲወድቅ ሌላው ተሽሎት ይመጣል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተራው ይለዋወጣል። ከዐሥር ሰዎች መካከል የሁሉም እግር በአንድ ሳምንት አይነሣምና፣ የተከፋው ሰው የራሱን ያለፈ ወር በሌላው ላይ ያየዋል። አንድ ሰው በብዙ ዓመት የሚማረውን ወጣ ገባ፣ ማኅበሩ በአንድ ቀን ያሳየዋል። ጎጃም ደግሞ የዕድርና የጽዋ ማኅበር አገር ነው፤ በወር አንድ ቀን መገናኘት ለሕዝቡ አዲስ ትምህርት አይደለም። ወደ ጠበል የሚሄደውንም ሰው ከሕክምናው ጋር ማጣላት አያስፈልግም። እምነቱን ሳይተው እግሩን በየቀኑ የሚያጥብና ጫማ የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም መያዝ ይችላልና።

6. የመሐንዲሱ ድርሻ

እስከዚህ የተባለው ሁሉ የታማሚውን ጽናት የሚመለከት ነው። ነገር ግን ጽናትን ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። ሴቲቱ በኅዳር መታጠቡን ያስታጎለችው ደክሟት ብቻ ነበርን? ማታ ከአጨዳ ተመልሳ፣ ለእግሯ የሚሆን ውሃ ለማምጣት በታመመው እግሯ ወደ ምንጭ ወርዳ እንስራ አዝላ አቀበቱን መውጣት ነበረባት። ለወጥና ለመጠጥ የሚበቃ ውሃ በሌለበት ቤት፣ በየቀኑ አንድ ሳፋ ውሃ ለእግር ማፍሰስ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። ስለዚህ ምንጭ ሲጎለብት፣ ጉድጓድ ሲቆፈርና የእጅ ፓምፕ ሲተከል፣ መሐንዲሱ ሳያውቀው የሐኪም ረዳት ሆኗል። ዐውቆ ቢሠራው ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። የውሃ ፍጆታ ሲሰላ የሕሙማን ቤቶች የዕለት እጥበት ሊታሰብበት፣ የውኃ ነጥብ ቦታ ሲመረጥም በታመመ እግር የሚደረስበት ርቀትና የአቀበቱ ክብደት ሊጠና ይገባል። ተበላሽቶ ለወራት የሚቆም ፓምፕም ለጤነኛው ችግር ነው፤ ለዝሆኔ ታማሚ ግን ሕክምናው ተቋረጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቤት ወለል ነው። ጫማ ያደረገ ገበሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ወለሉ ያው ቀይ አፈር ከሆነ ከእርሻው አልወጣም። ወለሉን መሸፈን፣ ቢቻል በሲሚንቶ፣ ባይቻል በንጣፍ፣ ለአነስተኛ ቤት ሥራ ጥናት የሚገባ ርእስ ነው። ሦስተኛው ጫማ ነው። ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይበቃውም፤ ልዩ ልክ ያስፈልገዋል። ከአገር ውስጥ ቆዳና ጎማ፣ በአገር ውስጥ ባለሙያ፣ ሰፊና ለጭቃ የሚሆን፣ በርካሽ የሚገኝ ጫማ መንደፍ የምሕንድስና ሥራ ነው። አራተኛው መንገድ ነው። በትኩሳት የወደቀ ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የገጠሩን ጤና አገልግሎት ማሰናከሉ፣ የመንገድ መዘጋት ለእንዲህ ዓይነቱ ዕለታዊ ሕክምና ምን ያህል አደጋ እንደ ሆነ አሳይቷል። ሳሙናና ፋሻ በየወሩ የሚደርሰው ሰው ጭነቱ በቆመ ወር መውደቅ ይጀምራልና።

በሽታው ሊጠፋ የማይችል አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በሰሜን አፍሪካ አገሮች ይታይ የነበረው ይህ በሽታ፣ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ልማዱ ካደረገ በኋላ ጠፍቷል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ብሔራዊ ዕቅድ በሽታው ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ተቆጥሮ ሥፍራ አግኝቷል። ዛሬ ተወልዶ ጫማ ለብሶ የሚያድግ የደብረ ኤልያስ ሕፃን ይህን በሽታ ላያውቀው ይችላል። ለእርሱ መንገዱ ሜዳ ነው። ለእናቱ ግን ወጣ ገባ ሆኖ ይቀጥላል፤ በሽታውን ከአዲሱ ትውልድ ማጥፋት እርሷን ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ አባላት፤

ከመደብ ሥር ወደ ተገፋው ሳፋ እንመለስ። ሴቲቱ ሳፋውን መልሳ እንድታወጣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጓታል። አንደኛ፣ መውደቋ ከሥርዓቱ ውጭ ያልሆነ፣ ቀድሞም የሚጠበቅ መሆኑን የሚነግራት ሰው፤ ይህም የሐኪሙና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ያለፈውን ዓመት ድምር የሚያሳያት ምልክትና ከእርሷ ጋር በየወሩ የሚቀመጥ ጓደኛ፤ ይህም የጎረቤቱና የማኅበሩ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ከደጇ ያልራቀ ውሃ፣ አፈር የማያነሣ ወለልና እግሯን የሚበቃ ጫማ፤ ይህ ደግሞ የዚህ ማኅበር አባላት የሙያ ድርሻ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተረቱ የሚያመሰግነው ፍጥነትን አይደለም፤ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጊዜ ነው። ነገር ግን እንቁላሉም ቢሆን የሚያቅፈው ይፈልጋል። መሐንዲሱ ከደብረ ማርቆስ በታች ባለ አንድ ቀበሌ ምንጭ ሲያጎለብት፣ የሚፈሰውን ውሃ በሊትር በሰከንድ ለክቶ በመዝገቡ ያሰፍራል። ከዚያው ውሃ አንድ ሳፋ በየማታው በስንት ቤት እንደሚሞላም በዚያው ገጽ ቢያሰፍር፣ የሥራው ልክ የተሟላ ይሆናል።